የክረምት ቤትና የበጋ ቤት

በቋንቋችን ሁለት ግሶች አሉ፤ አንዱ ከረመ፥ ሁለተኛው ባጀ ይባላል። ከረመ ማለት የዝናሙን ወራት በአንድ ስፍራ ተቀምጦ አሳለፈ ማለት ሲሆን፥ ባጀ ማለት ደግሞ የበጋውን ወራት አሳለፈ ማለት ነው። ዛሬ እነዚህን ቃላት ለሰላምታ ብቻ ስለምናውላቸው እንዴት ከረማችሁ፥ እንዴት ባጃችሁ ስንባባል ሥራቸውን አናስብም። ነገር ግን አባቶቻችን ሁለቱን ለይተው ያቆዩልን በከንቱ አይደለም፤ ሰው የሚከርምበት ስፍራ ሌላ፥ የሚባጅበት ስፍራ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ያውቁ ነበረና ነው።

ይህን ነገር ለማንሣት ያነሣሣን በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉት አጥቢያዎች የተለመደ አንድ የአኗኗር ሁኔታ ነው። ይኸውም ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ውጭ ሀገር የሄዱ ወገኖቻችን የሥራ ዘመናቸውን ፈጽመው ጡረታ ሲወጡ፥ ዓመቱን ለሁለት ከፍለው እኩሌታውን በዚያ፥ እኩሌታውን በዚህ የሚኖሩ መሆናቸው ነው። ኅዳር ሲገባ ይመጣሉ፤ ልደትንና ጥምቀትን ከእኛ ጋራ ያከብራሉ፤ ዐቢይ ጾምን ጾመው የትንሣኤን በዓል ከፈሰኩ በኋላ ዝናሙ ሲቃረብ ተነሥተው ይሄዳሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ብዙዎቹ መምጣት ተስኗቸዋል፤ ሆኖም ነገሩ ቆመ እንጂ አልቀረም፤ መንገዱ ጥቂት ፋታ ባገኘ ቍጥር የሚመጡ አሉና።

ስለ ምክንያቱ ስንጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ዓይነት አይደለም። በዚያ ሀገር በረዶ የሚወርድበት ወራት በእኛ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ ገብሱ የሚወቃበት ወራት በመሆኑ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ አሉ። የጡረታቸው ገንዘብ በዚያ ለቤት ኪራይ እንኳ ሳይበቃ በዚህ ግን በደኅና ስለሚያኖራቸው የሚመጡ አሉ። እናት አባታቸው ባረፉበት ደብር ማስቀደስ ናፍቋቸው የሚመጡም አሉ። ታዲያ ለምን ጠቅልላችሁ አትገቡም ብንላቸው፥ በአሜሪካ ለሽማግሎች የተመደበው የመንግሥት የሕክምና መድን ከጥቂት ልዩ ምክንያት በቀር ከሀገሩ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና እንደማይከፍል፥ ስለዚህም ልብ ወይም ኩላሊት ሲታመም መመለስ ግድ እንደሚሆን ይነግሩናል። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸውም በዚያ ናቸው። በሕግ በኩል ግን መንገዱ የተጠረገ ነው፤ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 270 የውጭ ዜግነት ላለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ እንዲገባ፥ ያለ መኖሪያ ፈቃድ እንዲቀመጥና ቤት እንዲያፈራ ፈቅዶለታል።

ጡረታ የሚለው ቃል ጦረ ከሚለው የወጣ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ልጅ አባቱን ጦረ፥ እናቱን ጦረ ይባላል። በአባቶቻችን ዘመን ጡረታ ማለት ልጅ ለወላጁ የሚያበላው እንጀራ ነበረ፤ ሽማግሌው ርስቱን ለልጆቹ አካፍሎ፥ ቆብ ደፍቶ ወይም ሳይደፋ፥ በቤተ ክርስቲያን አጸድ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ሞቱን እያሰበ ይኖር ነበረ። በጎንደር አድባራት ቅጽር ሥር ዛሬም የምናያቸው እማሆዮች ከዚህ ልማድ የተረፉልን ናቸው። አሁን የሀገሩ ሕግ 60 ዓመት የሞላውን የመንግሥት ሠራተኛ በጡረታ ያሰናብታል፤ ጧሪውም መንግሥት ሆኗል። ከውጭ ለሚመጡት ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ተገልብጧል፤ እነርሱ በልጅ የሚጦሩ ሳይሆኑ፥ እኩሌታውን ዓመት በልጆቻቸው ቤት ተቀምጠው የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ ናቸውና። ብዙ ጊዜም ባል ወደ ጎንደር ሲመጣ ሚስት ሕፃን ታቅፋ በዚያ ትቀራለች። በአንድ ቍርባን የተሳሰሩ ሁለት ሽማግሎች በዓመት ስድስት ወር ተለያይተው እንዲኖሩ ያደረገው የአየሩ ጠባይ ብቻ አለመሆኑን እዚህ ላይ ማሳሰብ ይገባናል።

ይህ ኑሮ የእኛ ወገኖች ብቻ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ብርዱ ሲጀምር ወደ ፍሎሪዳና ወደ አሪዞና የሚወርዱ፥ ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ሰሜን የሚመለሱ ሽማግሎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ሕዝቡም በወፍ ስም ይጠራቸዋል። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ቤታቸውን ሸጠው፥ አልጋና ምድጃ መታጠቢያም ያለበት ትልቅ መኪና ገዝተው፥ ከአውራጃ ወደ አውራጃ ሲዞሩ የቀረ ዘመናቸውን ይፈጽማሉ። ይህም ለሀገራችን ጨርሶ እንግዳ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1959ና በ1960 ዋሊ ባያም የተባለ አሜሪካዊ፥ ኤርስትሪም የሚባሉትን በመኪና የሚጐተቱ ቤቶች ያሠራ የነበረው ሰው፥ 41 እንዲህ ያሉ ቤቶችን አስከትሎ ከኬፕታውን ተነሥቶ እስከ ካይሮ ሲጓዝ በኢትዮጵያ አልፏል፤ በአዲስ አበባም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተጓዦቹን ተቀብለዋቸዋል። ከተጓዦቹም መካከል ከሥራ ያረፉ ባልና ሚስቶች ነበሩ። ቤቱን በኋላው እየጐተተ ጭቃ ለጭቃ የሚሄድን ሽማግሌ ያየ ገበሬ ምን ብሎ ይሆን? ምናልባት ቀንድ አውጣን አስታውሶ ስቆ ይሆናል፤ ምናልባትም ይህ ሰው ሲሞት የሚቀበረው የት ነው ብሎ ጠይቆ ይሆናል።

አንዳንድ ካህናት ይህን ሁሉ ሲያዩ ፈጥነው ነቢዩ አሞጽን ይጠቅሳሉ። በእርግጥ በትንቢተ አሞጽ በምዕራፍ 3 መጨረሻ እግዚአብሔር የክረምቱንና የበጋውን ቤት በአንድነት እንደሚያፈርስ፥ በዝሆን ጥርስ ያጌጡትም ቤቶች እንደሚጠፉ ተነግሯል። ነገር ግን የመጽሐፍን ቃል ከስፍራው ነቅሎ ሰውን ለመምታት ማዋል የመምህር ሥራ አይደለም። ነቢዩ ይህን ለምን እንደ ተናገረ መጽሐፉን ከላይም ከታችም ስናነብ እናገኘዋለን። የሰማርያ ባለጠጎች ድኻውን በአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ይሸጡት፥ ከእጁም የእህሉን ቀረጥ ይወስዱበት ነበረ፤ ሁለተኛው ቤት የተሠራው በዚህ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ቍጣው በቤቱ ብዛት ላይ ሳይሆን ቤቱ በተሠራበት ግፍ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት በዋሽንግተን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆሞ፥ ሌሊት ታክሲ ነድቶ ያጠራቀመውን ገንዘብ አምጥቶ በጎንደር ሦስት ክፍል ቤት የሠራ ሰው በዚህ ቃል ሊወቀስ አይገባውም።

ወደ ጉዳያችን ይልቅ የሚቀርበው በትንቢተ ኤርምያስ በምዕራፍ 36 የተጻፈው ነው። ንጉሡ ኢዮአቄም በዘጠነኛው ወር በክረምት ቤቱ ተቀምጦ እሳት ይሞቅ ነበረ፤ የነቢዩም መጽሐፍ በፊቱ ሲነበብ፥ ጥቂት በተነበበ ቍጥር በቢላዋ እየቈረጠ ወደ ምድጃው ይጥለው ነበረ። እዚህ ላይ የክረምቱ ቤት በራሱ ኀጢአት አልሆነም፤ ነገር ግን የሞቀ ቤት ሰውን እንዴት ሊያደነድነው እንደሚችል ያሳየናል። ብርዱን ሸሽቶ የሚኖር ሰው ብርዱን ብቻ ሸሽቶ አይቀርም፤ ቀስ በቀስ የሚያስጨንቀውን ሁሉ፥ ለቅሶ ቤቱን፥ የታመመ ጎረቤቱን፥ የቈየ ጠቡንም አብሮ ይሸሻል። ጠብ በተነሣ ጊዜ ወደ አንዱ ቤት፥ ወቀሳ በመጣ ጊዜ ወደ ሌላው ቤት የሚሄድበት መንገድ አለውና።

በሌላ በኩል ደግሞ ተጓዥነትን እንዳናንቅ የሚከለክለን ብዙ ነገር አለ። አብርሃም ተስፋ በተሰጠው ምድር እንኳ እንደ እንግዳ በድንኳን መኖሩን ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን በላከው መልእክት ጽፎልናል። የእኛም ነገሥታት ከድንኳን ኑሮ የወጡት ቈይተው ነው። ከ1520 እስከ 1526 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በሀገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ፥ የንጉሡ ከተማ በድንኳን የተተከለ መሆኑን፥ ቤተ ክርስቲያኑም በድንኳን ሆኖ ከሰፈሩ ጋራ ይጓዝ እንደ ነበረ ጽፏል። ከእርሱም በኋላ አፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራዝ አጠገብ በጉዛራ፥ አፄ ሱስንዮስ በደንቀዝ ከረሙ፤ በመጨረሻም አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ቈረቈሩ። ቤተ መንግሥቱ በድንጋይ ከተሠራም በኋላ ቢሆን ነገሥታቱ በጋ ሲብት ይዘምቱ፥ ክረምት ሲገባ ወደ ጎንደር ይመለሱ ነበረ። ይሁን እንጂ ካህናት ልብ ልንለው የሚገባን አንድ ነገር አለ፤ ሰፈሩ ሲነሣ ታቦቱ አብሮ ይነሣ፥ ሰፈሩ ሲያርፍም ታቦቱ አብሮ ያርፍ ነበረ።

ደግሞስ እኛ ራሳችን ያደግነው በምን ሁኔታ ነው? ድጓ ለመማር ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፥ አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር በዓታ ስንዞር፥ ደበሎ ለብሰን አኩፋዳ ይዘን በእንተ ስማ ለማርያም እያልን ስንለምን፥ የክረምት ቤትም የበጋ ቤትም አልነበረንም። የውሻ ንክሻ ያልቀመሰ ተማሪ ነበረን? እንግዲህ በሰው ደጅ ያደገ ካህን፥ ሀገር ለሀገር የሚዞርን ሽማግሌ ለመንቀፍ አፉ ሊፈጥን አይገባውም።

በሰሜን ደጋ ሞፈር ዘመት የሚባል ልማድ እንዳለም የታወቀ ነው። የደጋው መሬት ጠብቦ አልበቃ ያለው ገበሬ ሞፈርና ቀንበሩን ይዞ ወደ ቈላ ወርዶ ያርሳል፤ በዚያም እንደ ዘማች ጊዜያዊ ዳስ ሠርቶ ከርሞ እህሉን ይዞ ወደ ደጋው ይወጣል። ሌላውም ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳል፤ ወባውም ሙቀቱም አያስቀረውም። ከደባርቅ ብርድ፥ ከ2,700 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ፥ ከ1,000 ሜትር በታች ወደ ሆነ ቈላ መውረድ ለእርሱ ዕረፍት አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው ሀገርህ የት ነው ብለን ብንጠይቀው ግን አንድ ጊዜ እንኳ አያመነታም። የአጥቢያውን ታቦት ስም ጠርቶ የዚያ ነኝ ይላል። የንስሐ አባቱ በዚያ አሉ፤ ዕድሩ በዚያ ነው፤ ጽዋው በዚያ ተራውን ይጠብቃል። ሁለት ስፍራ ቢያርስም ሁለት ሀገር የለውም።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስና የምናውቃቸውን የአንድ አባት ታሪክ እናስታውስ። ስማቸውንም የአጥቢያቸውንም ስም አንጠራም፤ እርሳቸው ግን ይነገር ብለው ፈቅደውልናል።

እኒህ አባት በዳባት አካባቢ ተወልደው ያደጉ ናቸው። በደርግ ዘመን በጐልማሳነታቸው በመተማ በኩል በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግረው ሲሠሩ ኖሩ። ጡረታ በወጡ ጊዜ በጎንደር ከተማ ቤት ሠርተው ከላይ በተናገርነው ሥርዓት ይመጡና ይሄዱ ጀመር። ባለቤታቸው በሕመም ምክንያት ከሐኪም መራቅ ስለማይችሉ በዚያ ይቀራሉ። እርሳቸው ግን በመጡ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን አይለዩም፤ ኪዳን ሳያደርሱ ውለው አያውቁም። ማኅበርም ገብተው ነበረና ጽዋቸው ሁልጊዜ በጥር ወር እንዲሆን ማኅበርተኞቹ ተስማምተውላቸው ነበረ።

በ2014 ዓ.ም. በግንቦት ወር ሊሄዱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ለስንብት ወደ እኛ መጡ። በዚያን ጊዜ የዕቃ ቤቱ ጣራ ያፈስ ስለ ነበረ ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮው እንዲለወጥ ርዳታ ጠየቅናቸው። ሳያመነቱ ሰጡን። እኛም አመስግነን፥ መርቀን፥ መስቀል አሳልመን አሰናበትናቸው። እርሳቸው ግን ወዲያው አልሄዱም፤ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ጥቂት ቆሙ፤ አንድ ነገር ሊናገሩ የፈለጉ ይመስሉ ነበረ። እኛም ስለ ቆርቆሮው ውፍረት ከአናጢው ጋራ መነጋገር ጀምረን ነበረና ምን ሆኑ ብለን አልጠየቅናቸውም። ከዚያም ሄዱ።

በኅዳር ሳይመጡ ቀሩ። የቤታቸው በር ተዘግቶ ዘበኛው ብቻውን ይወጣል ይገባል። ለጥምቀትም አልመጡም። በጥር መጨረሻ ስልክ ደወሉልን፤ ታመው በሐኪም ቤት ሰንብተው ነበረ። መጀመሪያ የጠየቁን ጽዋዬን ማን አወጣልኝ የሚለውን ነበረ። ቀጥሎም ሳይነግሩን የቈዩትን ነገር ነገሩን። በዳባት የሚኖር ታናሽ ወንድም ነበራቸው፤ በአባታቸው መሬት ምክንያት ከተጣሉ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ወደ ጎንደር ሲመጡ በየዓመቱ በዘንድሮው በጋ እታረቃለሁ እያሉ ያስባሉ፤ መሄጃቸው ሲደርስ ደግሞ ለከርሞ ይሁን ይላሉ። በዚያች በግንቦት ቀን ቆመው የነበሩት ይህን ሊናገሩ፥ ካህን ይዘው ወደ ዳባት ሊወጡ ነበረ። ወንድማቸው በዚያው ክረምት በነሐሴ ዐረፈ። ለእርሳቸው የተነገራቸው ከአርባው በኋላ ነው።

ወገኖቻችን ሆይ፥ በዚህ ታሪክ ውስጥ የእርሳቸውን በደል ከመመርመራችን አስቀድሞ የራሳችንን እንናገር። ጌታችን መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋራ እንዲታረቅ የሚገባው መባ የሚያቀርበው ሰው መሆኑን አስተምሯል። እኛ ግን የመሠዊያው አገልጋዮች ሆነን መባውን ተቀበልን፤ ሰውየውን ግን አልጠየቅንም። ዓመቱን ሙሉ በአጥቢያው የሚኖር ሰው ቢሆኑ ኖሮ ከወንድማቸው ጋራ መጣላታቸውን እንሰማ ነበረ። ከውጭ የሚመጣውን ሰው ግን እንደ እንግዳ እንቈጥረዋለን፤ እንግዳ ኀጢአት የሌለበት፥ ገንዘብ ብቻ ያለው ፍጥረት ይመስለናል። ሲመጣ የምንጠይቀው ምን አመጣህ ነው፤ ሲሄድ የምንጠይቀው ምን ትልክልናለህ ነው። ስንት በጋ በመካከላችን ባጅተው ንስሓቸውን ማን እንደሚቀበል አንድ ቀን አልጠየቅናቸውም። እኛ የዚያው ሀገር ካህን ይኖራቸዋል አልን፤ የዚያው ሀገር ካህንም የጎንደሩ ይኖራቸዋል ብለው ኖረዋል። በሁለት እረኞች መካከል ያለ በግ እንዲህ ይጠፋል።

ስለዚህ እንደ እርሳቸው ለሚኖሩ ምእመናን የምንመክረው፥ ቤት ሁለት ቢሆን የንስሐ አባት አንድ እንዲሆን ነው። በአንዱ ስፍራ የተያዘው አባት በሌላው ስፍራ ላለው ካህን አደራ ይስጥ፤ ቀኖናውም የት እንደ ተጀመረና የት እንደሚፈጸም ሁለቱ ካህናት ይወቁት። ስልክ ለምክር ይረዳል፤ ኑዛዜ ግን ሰው በካህን ፊት ቆሞ የሚፈጽመው ምስጢር ነውና፥ ሻንጣ ሳይታሰር አስቀድሞ ይፈጸም። በመምጫ ወራት ሳይሆን በመሄጃ ወራት የሚጠራን ብዙ ነው። ለካህናትም የምንለው ይህንኑ ነው፤ የስንብት ቀን የርዳታ መጠየቂያ ቀን አይሁን። ጣራው በሌላ ቀን ይጠየቃል።

ስለ ተዘጋው ቤትም ሳንናገር አናልፍም። በከተማችን ስድስት ወር ዘበኛ ብቻ የሚያድርባቸው ቤቶች አሉ። በነዚያው ወራት፥ ይኸውም በክረምት፥ በአብያተ ክርስቲያናት ደጀ ሰላም ዝናም የሚመታቸው ድኾች፥ ከጦርነት የተነሣ ከገጠር የተፈናቀሉ ወገኖች፥ የሚጠለሉበት ያጡ የአብነት ተማሪዎች አሉ። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በምዕራፍ 4 የተጻፈችውን ሱነማዊት ሴት እናስታውስ። ነቢዩ ኤልሳዕ በዚያ በኩል ሲያልፍ የሚያርፍበትን አንዲት ትንሽ ሰገነት ከባልዋ ጋራ ተማክራ አሠራች፤ በውስጧም አልጋ፥ ጠረጴዛ፥ ወንበርና መቅረዝ አኖረችለት። ያች ክፍል የተሠራችው ዓመቱን ሁሉ ለማይኖር ተጓዥ ነው፤ ሁለተኛ ቤት መሆኗም አልተነቀፈም። ነገር ግን ባለቤቷ ለራሷ ምቾት ሳይሆን ለሌላው ማረፊያ ስላደረገቻት በሙሉ ቤት የማይገኝ በረከት በዚያች ክፍል ተገኘ። እኛም ሰገነት ሥሩ አንልም፤ የተሠራው አይዘጋ እንላለን።

ስለ መቃብር ብዙዎች ይጠይቁናል። በሁለት ሀገር የሚኖር ሰው ሞት በየት እንደሚያገኘው አያውቅም፤ ሞቱም በዚያ ቢሆን ልጆቹ በሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ በዚህ ይቀበር፥ ሌላው ሬሳ በአውሮፕላን ማመላለስ ለምን ይላል። ስለዚህ ነገር በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በምዕራፍ 19 የተጻፈው የገለዓዳዊው የቤርዜሊ ታሪክ እጅግ ደስ ያሰኘናል። ቤርዜሊ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ነበረ። ንጉሡ ዳዊት በስደቱ ጊዜ ስለ መገበው ውለታውን ሊመልስ ፈልጎ ከእርሱ ጋራ ወደ ኢየሩሳሌም እንዲሻገር፥ በዚያም ሊጦረው ለመነው። ቤርዜሊ ግን የምበላውንና የምጠጣውን ጣዕም መለየት እንደማልችል፥ የዘፋኞችንም ድምፅ መስማት እንደማልችል ታያለህ፤ ለንጉሡም ሸክም ከመሆን በቀር ምን እረባለሁ በሚል ትሕትና ግብዣውን መለሰ፤ በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ መሞትን መረጠ። ዮርዳኖስን ጥቂት ተሻግሮ ንጉሡን ሸኝቶ፥ ተሳስመው ተለያዩ፤ በእርሱም ፈንታ ከመዓምን ሰደደ። ሁሉም ሽማግሌ እንደ ቤርዜሊ ያድርግ ልንል አንችልም፤ ያዕቆብም በግብፅ ሞቶ ዐፅሙ ወደ ከነዓን ወጥቷልና። ቤርዜሊን የምናደንቀው ግን አስቀድሞ ቈርጦ በግልጥ ስለ ተናገረ ነው። ፈቃዱን ያልተናገረ ሽማግሌ ለልጆቹ የሚተውላቸው ርስት ክርክር ነው።

በጎንደር ምዕራብ ባለው ተራራ ላይ ያለችው ደብረ ፀሐይ ቍስቋም ለዚህ ነገር ምስክር ትሆናለች። እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው አፄ በካፋ በ1730 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ካረፉ በኋላ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋራ ነግሠው ይህችን ቤተ ክርስቲያንና አጠገቧ ያለውን አዳራሽ አሠሩ፤ በጣና ባሕር በደቅ ደሴትም ናርጋ ሥላሴን አሠሩ። ልጃቸው ሞተ፤ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በ1769 ተገደለ፤ እርሳቸውም ከከተማው ዐምባጓሮ ርቀው በቍስቋም ኖረው በ1773 ዐረፉ። የአዳራሹ ግንብ ዛሬ ፍርስራሽ ነው። ቍስቋም የሚለው ስም ግን እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በስደት ያረፈችበት የግብፅ ተራራ ስም መሆኑን ካህናት ታውቃላችሁ። እቴጌይቱ የዕረፍት ቤታቸውን በስደተኛ ማረፊያ ስም መጥራታቸውን እኛ እንደ አጋጣሚ አናየውም። በየዓመቱ መስከረም 26 የሚገባው ጾመ ጽጌ ኅዳር 5 ቀን ሲፈጸም፥ በኅዳር 6 ቀን በዚያች ደብር የሚሰበሰበው ሕዝብ የሚያከብረው በቤቷ የተቀመጠች እመቤትን ሳይሆን በመንገድ ያለችውን ነው።

ከላይ የተናገርንላቸው አባት በ2016 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በአውሮፕላን መጡ፤ በምርኵዝ ነበረ የሚሄዱት። ወደ ዳባት መውጣት ግን አልተቻለም፤ መንገዱ በጦርነቱ ምክንያት አያስኬድም ነበረ። እኛም ካሳ ይሆነን ዘንድ የመንገዱ ነገር ጋብ ባለ ሳምንት ሰው ላክን፤ የወንድማቸው ሚስት ጥቂቱን በእግር፥ ጥቂቱን በመኪና ተጉዘው ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጎንደር ወረዱ። በሦስት ሽማግሎችና በንስሐ አባት ፊት በዚያው ቤት ተቀመጥን። እርሳቸው ድንጋይ ተሸክመው ከሴትዮዋ እግር ሥር ሊወድቁ ሲሉ፥ ሴትዮዋ አልፈቀዱም፤ ድንጋዩን ከትከሻቸው አንሥተው ወደ ውጭ ጣሉት። የሞተው ወንድም ስሙ በጸሎት ተጠራ፤ ለነፍሱም ተዝካር እንዲወጣ ተወሰነ። የአባታቸው መሬት ድርሻ ለወንድማቸው ልጆች እንዲሆን ተጽፎ ተፈረመ። ልጆቹም ትምህርታቸውን በከተማው እንዲማሩ፥ ሴትዮዋም እንዲያሳድጓቸው፥ ከቤቱ ክፍሎች ሁለቱ ተሰጧቸው። ከዚያ ወዲህ የዚያ ቤት በር በክረምት ተዘግቶ አያውቅም።

እርሳቸው ዛሬም ይመጣሉ፥ ይሄዳሉ፤ ባለቤታቸው በዚያ ናቸውና። መግነዛቸውን ግን ሁለት አድርገዋል፤ አንዱ በአሜሪካ በልጃቸው ቤት፥ ሌላው በእኛ ዕቃ ቤት በሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። በየትኛው ቢሆን ይመርጣሉ ብለን ስንጠይቃቸው፥ ከዚህ በፊት የነገሩንን በጽሑፍ አድርገው ለልጆቻቸውም ለእኛም ሰጡ። ዘንድሮ ለቍስቋም በዓል እደርሳለሁ ብለዋል፤ ሴትዮዋም ግቢውን እያስጠረጉ ነው።